የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የዳሎል ቀለም ከድኝ ነው ወይስ ከብረት?

ባለፈው እትማችን ስለ ሰሜን አፋር በረሃ አጭር ጽሑፍ ካወጣን በኋላ ስለ ዳሎል እሳተ ገሞራና ስለ ፍል ውኃዎቹ የደረሱን ደብዳቤዎች ከጠበቅነው በላይ ሆነዋል። ተመሳሳይ የሆኑትን አጣምረን፣ ረዘም ያለ ማብራሪያ ለሚሹት ሰፊ ቦታ ሰጥተን እንደሚከተለው መልሰናል። «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት የሌላቸው ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ዳሎልን የማየት ዕድል አግኝቼ ነበር። አስጎብኚያችን ቢጫው ድኝ፣ አረንጓዴው መዳብ፣ ቀዩ ደግሞ ብረት መሆኑን ነገረን። ለተማሪዎቼ ይህንኑ ላስተምር ስዘጋጅ ግን ጥርጣሬ ገባኝ። ትክክለኛው የትኛው ነው? (የኬሚስትሪ መምህር፣ ከአዳማ)

መልስ፦ መጠራጠርዎ ተገቢ ነው። አስጎብኚዎ የነገሯችሁ ነገር በብዙ የጉዞ ጽሑፎች ውስጥ ሳይቀር ሲደጋገም የኖረ በመሆኑ እሳቸውን አንወቅስም፤ ድኝም በቦታው በእርግጥ አለ፣ ሽታውም ጎብኚውን ገና ከጉብታው አፋፍ ላይ ይቀበለዋል። ይሁን እንጂ ቅርብ ጊዜ ከውኃውና ከጨው ቅርፊቱ ናሙና እየተወሰደ የተደረገው ምርምር እንደሚያሳየው፣ የዳሎልን ቀለማት በዋናነት የሚያዝዘው አንድ ንጥረ ነገር ሲሆን እርሱም ብረት ነው። አረንጓዴው፣ ቢጫው፣ ብርቱካናማውና ቡናማው በአብዛኛው የአንዱ የብረት የተለያዩ የዕድሜ እርከኖች ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥልቁ የሚመጣው የፈላ ውኃ ኦክስጅን የሌለበት በመሆኑ፣ በውስጡ የሟሟው ብረት ሁለት ኤሌክትሮን ብቻ ያጣው፣ እርስዎ በክፍል ውስጥ «ፌረስ» ብለው የሚያስተምሩት ዓይነት ነው። ውኃው ከምንጩ አፍ ሲወጣ ጥርት ያለ ነው ለማለት ይቻላል፤ በዙሪያው እየደረቀ የሚተክለው የጨው ዓምድም ነጭ ነው። ውኃው ወርዶ በኩሬዎቹ ውስጥ ሲተኛ ከአየር የሚያገኘው ኦክስጅን ቀስ በቀስ ብረቱን ሦስተኛ ኤሌክትሮኑን ያሳጣዋል፤ «ፌሪክ» ወደሚባለው ይለወጣል። ቀለሙም አብሮ ይሄዳል፦ መጀመሪያ ፈዛዛ አረንጓዴ፣ ከዚያ የሎሚ ልጣጭ የመሰለ ቢጫ፣ ቀጥሎ ብርቱካናማ፣ በመጨረሻም ጃሮሳይትና ሄማታይት የመሳሰሉት ማዕድናት ሲረጉ ቀይና ቡናማ ይሆናል። በመሠረቱ ዝናብ ላይ ያደረ ዶማ ከሚዝግበት ሂደት የተለየ አይደለም። ልዩነቱ፣ ይህኛው ዝገት የሚካሄደው በከፍተኛ አሲድና በጨው በተሞላ ውኃ ውስጥ በመሆኑ ነው። በእንዲህ ያለ ውኃ ውስጥ ኦክስጅን በጥቂቱ ብቻ ስለሚሟሟና አሲዱም የብረቱን መለወጥ ስለሚያዘገየው፣ በሌላ ቦታ በአፍታ የሚያልፈው አረንጓዴ ደረጃ እዚህ ዓይን እስኪጠግብ ድረስ ይቆያል።

ከዚህ የሚከተለው ለተማሪዎችዎ የበለጠ የሚጠቅም ይመስለኛል። ቀለሙ የዕድሜ ምልክት ነው። ነጭና ፈዛዛ አረንጓዴ የሆነው ስፍራ ምንጩ በሕይወት ያለበት ነው፤ ቡናማው ምንጩ የሞተበት ነው። የምንጮቹ አፍ በጨው እየተደፈነ ውኃው ሌላ መውጫ ስለሚፈልግ፣ ዛሬ አረንጓዴ የነበረው ኩሬ በሌላ ጊዜ ሲሄዱ ደርቆ ቡናማ ሆኖ፣ ባዶ በነበረው መስክ ላይ ደግሞ አዲስ ነጭ ዓምድ ተተክሎ ሊያገኙት ይችላሉ። ሁለት ሰዎች በተለያየ ዓመት ያነሷቸው ፎቶግራፎች የአንድ ቦታ የማይመስሉትም ለዚህ ነው። ድኙን በተመለከተ፣ በምንጮቹ አፍ ዙሪያ ቢጫ ሆኖ የሚረጋ ድኝ ስላለ ፈጽሞ አይሰረዝ። መዳቡን ግን ከማስተማሪያ ማስታወሻዎ ቢያወጡት ይሻላል።

ጥያቄ፦ እናቴ ለብዙ ዓመት የቁርጥማት ሕመም አለባት። በሶደሬና በወንዶ ገነት ፍል ውኃ ታጥባ መጠነኛ እፎይታ አግኝታለች። አሁን ደግሞ የዳሎል ውኃ ከሁሉም ይበረታል የሚል ሰምታ ውሰደኝ ትለኛለች። ምን ትመክሩኛላችሁ? (ከደሴ)

መልስ፦ እናትዎን በአክብሮት ያስቀሯቸው። የዳሎል ውኃ «ይበረታል» የተባለው እውነት ነው፤ የሚበረታው ግን ሥጋን በማቃጠል ነው።

ሶደሬም ሆነ ወንዶ ገነት የሚፈልቀው በመሠረቱ ወደ መሬት የሰረገ የዝናብ ውኃ ሲሆን፣ በትኩስ አለት አጠገብ አልፎ ተመልሶ የሚወጣ ነው። በዳሎልም ከምዕራቡ የትግራይ ደጋ አፋፍ የሚወርደው ውኃ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ነገር ግን በወፍራም የጨው ክምችት ውስጥ ሲያልፍ ጨው መሸከም እስከማይችል ድረስ ይጠግባል፣ ከቅልጥ አለቱ የሚወጡት ጋዞችም ገብተውበት አሲድ ያደርጉታል። የአሲድነት መለኪያ በሆነው ፒኤች ንጹሕ ውኃ 7፣ የሎሚ ጭማቂ 2 ገደማ ሲሆን የዳሎል ኩሬዎች ከዜሮ በታች ሲወርዱ ተለክተዋል። በዚህ መለኪያ አንድ ቁጥር መውረድ ማለት አሲዱ በአሥር እጥፍ መጨመር ማለት ስለሆነ፣ ፒኤቹ ከዜሮ አንድ በታች የሆነ ኩሬ ከሎሚ ጭማቂ ሺህ ጊዜ ያህል ይብሳል።

ሙቀቱም ሌላ ነው። በምንጮቹ አፍ ላይ 108 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ተለክቷል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ በመሆኗ ድስት ላይ የጣዱት ውኃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ በባሕር ጠለል ላይ ቢጣድ በ100 ይፈላ ነበር። ዳሎል ከባሕር ጠለል በታች መሆኑ የመፍያውን ነጥብ የሚጨምረው እጅግ በጥቂቱ ነው፤ ከመቶ በላይ የሚያሻግረው በውኃው ውስጥ የሟሟው ጨው ነው።

ጥያቄ፦ በመምህሮቻችን ዘንድ እንኳ ስምምነት የለም። በዳሎል ጉብታ ላይ ላቫ አይታይም፤ የሚታየው ሁሉ ጨው ነው። ታዲያ እሳተ ገሞራ መባሉ አግባብ ነው? ጨውስ ባሕር በሌለበት በረሃ እንዴት ተከማቸ? (የጂኦሎጂ ተማሪ፣ ከመቀሌ)

መልስ፦ ከሁለተኛው እንጀምር፤ ያለ ጨው ዳሎልን መረዳት አይቻልምና።

አፋር የኑቢያ፣ የሶማሌና የዐረብ የመሬት ንጣፎች እርስ በርስ የሚለያዩበት ስፍራ ነው። በሰሜኑ ክፍል፣ በኢትዮጵያ ደጋና ከቀይ ባሕር ዳር በሚገኘው የዳናኪል ተራራማ ምድር መካከል፣ መሬቱ በዓመት ከጥቂት ሚሊ ሜትር እስከ 2 ሴንቲ ሜትር እየተሳበ ኖሯል። የተሳበ ነገር እንደሚሳሳ ሁሉ የመሬቱ ቅርፊትም ሳስቶ፣ ከደጋው ቅርፊት ውፍረት ግማሽ እንኳ የማይሞላበት ደረጃ ላይ ደርሷል። የሳሳውም ሰምጦ ዛሬ የጨው ሜዳው ከባሕር ጠለል በታች 120 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል።

እንዲህ ያለ ጎድጓዳ ከባሕር አጠገብ ሲገኝ ባሕሩ መግባቱ አይቀርም። ቀይ ባሕር በሰሜን በኩል እየተሻገረ በተደጋጋሚ ሞልቶታል፤ ለመጨረሻ ጊዜ የገባው ከ120 ሺህ እስከ 130 ሺህ ዓመት በፊት ባለው ዘመን ሲሆን፣ ምስክሩ በረባዳው ዳርና ዳር ደርቆ የቀረው የዛጎልና የኮራል ድንጋይ ነው። አንድ እግረኛ በበረሃ መካከል ቆሞ ኮራል ሲያገኝ የሚሰማውን ግራ መጋባት መገመት አያዳግትም። ከዚያ በኋላ የመሬቱ መነሣትና የእሳተ ገሞራ ምርት መግቢያውን ዘጉት። ዓመታዊው ዝናብ እጅግ ጥቂት፣ ፀሐዩ ግን ምሕረት የለሽ በሆነበት ቦታ የተቆለፈበት ባሕር መትነን ብቻ ነው የሚጠብቀው። በመትነን ጊዜ መጀመሪያ የሚረጋው ጂፕሰም ነው፣ ቀጥሎ የምግብ ጨው፣ በመጨረሻ ውኃው ሊያልቅ ሲል ደግሞ የፖታሺየምና የማግኒዚየም ጨዎች ይረጋሉ። የዳሎል ፖታሽ የሚባለው ይህ የመጨረሻው ዝቃጭ ነው። ባሕሩ እየገባና እየደረቀ የተከመረው ጨው ውፍረቱ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

አሁን ወደ እሳተ ገሞራው እንምጣ። ቅልጥ አለት ከታች ሲነሣ ይህን ወፍራም የጨው ሽፋን ያገኛል። እንደ ኤርታሌ ባለ ስፍራ መንገዱን ከፍቶ ላቫ ሆኖ ይወጣል፤ በዳሎል ግን ከጨው በታችና በጨው መካከል ተጋድሞ፣ ከላዩ ያለውን ሁሉ ከሜዳው በላይ ወደ 50 ሜትር ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ ወደሚሆን ጉብታ አነሣው። እንደዚያም ሆኖ የጉብታው ራስ ከባሕር ጠለል በታች ከ45 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ነው የሚገኘው፤ በየብስ ላይ ከሚታወቁት የእሳተ ገሞራ አፎች ሁሉ ዝቅተኛው የሚባለውም ለዚህ ነው።

ቅልጥ አለቱ አለ ብለን የምንናገረው በግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ ከዳሎል በታች አዲስ ቅልጥ አለት ወደ ስንጥቅ ገብቶ እንደነበር በሳተላይት ራዳር ታውቋል፤ ስንጥቁ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው፣ ምንጩ የሆነው ማከማቻም ከ2 ኪሎ ሜትር ትንሽ በላይ በሆነ ጥልቀት ላይ ነው። በምድሩ ላይ ግን አንዲት ጠብታ ላቫ አልታየችም። ከዚያ በፊትም እ.ኤ.አ. በ1926 ፍንዳታ ደርሶ ጉድጓድ ከፍቷል፤ ይህም ላቫ ያልወጣበት፣ በድንገት ወደ እንፋሎት የተለወጠ ውኃ ጨውንና ጭቃን የበተነበት ፍንዳታ ነበር። ክዳኑ የተገፈተረ ድስት እንደማለት ነው።

ስለዚህ ለጥያቄዎ የምንሰጠው ፍርድ፣ ዳሎልን እሳተ ገሞራ ማለት አግባብ ነው የሚል ነው፤ ስያሜውን የሚወስነው ወደ ውጭ የፈሰሰው ላቫ ብቻ አይደለምና። ሆኖም መምህራንዎ መከራከራቸው አይከፋም። አንዳንድ ተመራማሪዎች ገና በመወለድ ላይ ያለ እሳተ ገሞራ ነው ማለትን ይመርጣሉ፤ ይህም የሚነቀፍ አነጋገር አይደለም።

ጥያቄ፦ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳ እኔ በሥራ ምክንያት ሰመራ ነበርሁ። ዳሎልም ተራውን ይጠብቃል የሚሉ ሰዎች ነበሩ። እውነት ነው? (ከሎጊያ)

መልስ፦ ሃይሊ ጉቢ በኤርታሌ ተራሮች ሰንሰለት ደቡባዊ ጫፍ የሚገኝ ሲሆን፣ ከዳሎል ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በዚያን ዕለት ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ የወጣው አመድ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንንና ኦማንን አልፎ ሕንድ መድረሱ ይታወሳል። ሁለቱን የሚመግባቸው የተለያየ የቅልጥ አለት ማከማቻ በመሆኑ፣ የአንዱ መፈንዳት የሌላውን መፈንዳት አያስከትልም። የሚጋሩት ምክንያቱን፣ ማለትም የመሬቱን መሳብ ነው። መስከረም 16 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ አገሩ ሁሉ ደመራ ሊለኩስ በተዘጋጀበት ዕለት፣ በዳባሁ አካባቢ የደረሰውን ብናስታውስ፣ በዚያ ሰሞን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ስንጥቅ በቅልጥ አለት ተሞልቶ፣ መሬቱ አንዳንድ ቦታ 8 ሜትር ድረስ ሲለያይ፣ ዳሎል በነበረበት ኖሯል።

ጥያቄ፦ ከዳሎል ጉብታ ወጣ ብሎ ቢጫ ኩሬ አለ፤ ውኃው ዘይት ይመስላል፣ ዳሩ ላይ የሞቱ ወፎች አየሁ። መርዝ ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ያዩት ጋኤታሌ የሚባለው ኩሬ ሳይሆን አይቀርም። ከጉብታው በደቡብ ምሥራቅ በኩል ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኝ፣ ወርዱ 60 ሜትር ገደማ የሆነ ትንሽ ኩሬ ነው፤ ነገር ግን በምድር ላይ ከተለኩት የውኃ አካላት ሁሉ ጨዋማው እርሱ ነው። የውቅያኖስ ውኃ በ1 ኪሎ ግራም ውስጥ 35 ግራም ያህል፣ ሙት ባሕር 340 ግራም ያህል ጨው ሲይዙ፣ በጋኤታሌ 433 ግራም ተለክቷል። ይህን ያህል ሊሸከም የቻለው ጨዉ የምግብ ጨው ባለመሆኑ ነው፤ አብዛኛው ካልሲየም ክሎራይድና ማግኒዚየም ክሎራይድ ሲሆን እነዚህ ከምግብ ጨው ይልቅ በብዛት ይሟሟሉ። በእጅ ሲነካ ዘይት ዘይት የሚለውም ከእነርሱ የተነሣ ነው። የሐመድ ኤላ ነዋሪዎች ኩሬው የነቃው እ.ኤ.አ. በ2005 መጀመሪያ ላይ ከደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ መሆኑን ይናገራሉ፤ ከላይ ከጠቀስነው የ2004ቱ እ.ኤ.አ. የቅልጥ አለት እንቅስቃሴ ጋር በጊዜ መቀራረቱ ልብ የሚባል ነው።

ወፎቹን በተመለከተ፣ ከኩሬው የሚንተከተከው ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከአየር ስለሚከብድ ነፋስ ባልነበረበት ሰዓት በውኃው ፊትና በዳሩ ላይ ተኝቶ ይቆያል፤ ውኃ መስሏት ዝቅ ያለች ወፍ እዚያው ትታፈናለች። ሰው ቆሞ ሲሄድ ራሱ ከዚህ ጋዝ በላይ ሊሆን ይችላል፤ ፎቶግራፍ ለማንሣት መንበርከክ ወይም መጋደም ግን ደግ አይደለም። በጉብታው ላይም ቢሆን ጠንካራ የሚመስለው የጨው ቅርፊት ከሥሩ ባዶ ወይም የፈላ አሲድ ሊሆን ስለሚችል፣ የአካባቢው መሪ ከረገጠበት ውጭ መርገጥ አይገባም።

ጥያቄ፦ በዳሎል ሕይወት ተገኘ የሚልም፣ የለም የሚልም አነበብሁ። የቱን ልመን? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሁለቱም የወጡት በአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። አንደኛው ቡድን ከምንጭ አጠገብ በወሰደው ናሙና እጅግ ደቃቅ የሆኑ ረቂቅ ተሕዋስያን ምልክት ማግኘቱን ሲያስታውቅ፣ ሌላው ብዙ ናሙና መርምሮ እጅግ አሲዳማና እጅግ ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ውስጥ የሚኖር ነገር አለመኖሩን፣ በዙሪያው ባሉት ያን ያህል ባልከፉ ጨዋማ ውኃዎችና በጨው ሜዳው ግን ልዩ ልዩ ረቂቅ ተሕዋስያን መኖራቸውን ገለጸ። በእኛ አስተያየት የሁለተኛው ማስረጃ ይጠነክራል። ነፋስና የጎብኚ ጫማ ከሜዳው ተሕዋስያንን ወደ ምንጮቹ ሊያመጡ ስለሚችሉ፣ የሞተ ተሕዋስ ቅሪት መገኘቱ ብቻውን እዚያ ይኖራል አያሰኝም፤ ማግኒዚየም የበዛበት ጨው ውኃውን አጥብቆ ስለሚይዝ፣ ለሕይወት የሚተርፍ ውኃ እንኳ የለም። የማርስ ተመራማሪዎች ዳሎልን የሚወዱት በከፊል ጃሮሳይት በማርስ ላይም በመገኘቱ ነው፤ ዳሎል ግን የሚያስተምራቸው ፈሳሽ ውኃ ባለበት ሁሉ ሕይወት አለ ብለው እንዳይቸኩሉ ይመስላል።

ጥያቄ፦ በጉብታው ላይ በጨው ጡብ የተሠሩ የፈራረሱ ቤቶችና የዛገ ብረት አለ። የማን ነበሩ? (ከአዲግራት)

መልስ፦ የፖታሽ ፈላጊዎች። ጣሊያኖች ፖታሹን ወደ ባሕር ለማውረድ ከመርሳ ፋጥማ ወደብ ተነሥቶ ወደ ዳሎል የሚያቀርብ ጠባብ የባቡር ሐዲድ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1918 አጠናቀዋል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ ፓርሰንስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ቆፍሮ ክምችቱን አጥንቷል። እንጨትም ድንጋይም በሌለበት አገር ቅርብ የሆነው የግንባታ ዕቃ ጨው ነበር፤ ዝናብ ቢበዛ ኖሮ ቤቶቹ እስከ ዛሬ ባልቆዩ። ከዚያ ሰፈር የተረፈን ሌላ ነገር ቢኖር የሙቀት መዝገብ ነው፦ ከ1960 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. የተመዘገበው ዓመታዊ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበልጥ ስለነበር፣ ሰው ከኖረባቸው ስፍራዎች ሁሉ ከፍተኛው ሆኖ ይጠቀሳል።

ጥያቄ፦ በግመል የሚጫነው አሞሌ ጨው ከዚህ አሲድ ውኃ የሚወጣ ከሆነ እንዴት እንበላዋለን? (የቤት እመቤት፣ ከመቀሌ)

መልስ፦ ከዚያ አይወጣም፤ አይስጉ። አሞሌው የሚቆረጠው ከአሳሌ ሐይቅ ዳር ካለው ጠፍጣፋ የጨው ሜዳ ነው። በክረምት ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ ሜዳውን አጥለቅልቆ የላይኛውን ጨው ያሟሟዋል፤ በጋ ሲገባ ውኃው ይተናል፣ አዲስ ንጹሕ ንጣፍም ይረጋል። ቆራጮቹ ይህን ንጣፍ በእንጨት ፈንቅለው፣ በመጥረቢያ አስተካክለው በግመልና በአህያ ያስጭናሉ፤ መንገድ ከተሠራ ወዲህ ደግሞ የጭነት መኪናም ይጋፋቸዋል። የዳሎል ቀለም ያለው ጨው በብረቱና በአሲዱ ምክንያት ለምግብ ስለማይሆን አንድም አፋር ቆራጭ አይነካውም።